ከልጆች ጋር የሚደረግ የዕረፍት ጉዞ፦ ስለ ደስታውና ስለ ፈተናው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆችን ይዘው ለዕረፍት የሚወጡ ወላጆች ከጉዞው በፊትም ሆነ በኋላ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች መልስ የተሰጠባቸው ጥያቄዎች ከባለቤቴ ጋር ሦስት ልጆችን ይዘን በተጓዝንባቸው ዓመታት እኛም ራሳችንን የጠየቅናቸው፣ ዘመድ ወዳጅም ደጋግሞ ያነሳብን ናቸው። ጤናን የሚመለከቱት መልሶች የሐኪምን ምክር አይተኩም፤ በተለይ የቆየ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ ከመነሳት በፊት ሐኪሙን ማነጋገር ያስፈልጋል።

ከልጆች ጋር መጓዝ በእርግጥ ዕረፍት ሊባል ይችላል?

ወላጅና ልጅ ዕረፍት የሚለውን ቃል በአንድ ትርጉም አይረዱትም፤ አብዛኛው ቅሬታ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ወላጅ ከሥራ ሰዓት፣ ከስብሰባና ከማለዳ ጥድፊያ ሲገላገል ሸክሙ ይቀልለታል። ልጅ ግን በዚያው ቀን የለመደውን አልጋ፣ የለመደውን የምግብ ሰዓትና የለመደውን የመጫወቻ ጥግ ያጣል። ስለዚህ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ምክንያት የሌለው የሚመስል ለቅሶ፣ እንቢተኝነትና መነጫነጭ ሲመጣ ልጁ የተደረገለትን እንዳላወቀ አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው፤ አዲሱን ቦታ ገና እየተላመደው ነው።

የቤት ውስጥ ሥራውም ቢሆን በጉዞ ላይ አይቀርም። ልጅ የትም ቢሄድ ይራባል፣ ልብሱን ያቆሽሻል፣ ሌሊት ይነቃል፤ የሚለየው ነገር ቢኖር ማጠቢያው፣ ማብሰያውና መድኃኒቱ እጃችን በለመደው ቦታ አለመገኘታቸው ነው። ይህን ከመነሳቱ በፊት አምኖ የተቀበለ ወላጅ በመንገድ ላይ ብዙም አያዝንም። እኔ ይህን ጊዜ የምመለከተው ያለ ጥድፊያ ከልጆች ጋር የሚኖርበት ጊዜ አድርጌ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሥራና በትምህርት ቤት መካከል የሚበታተን ቤተሰብ ለተወሰኑ ቀናት ከማለዳ እስከ ማታ አብሮ ይውላል፤ የጉዞው ደስታም ሆነ ጭቅጭቅ የሚመነጨው ከዚሁ አብሮ መዋል ስለሆነ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

ልጄ ገና 2 ዓመቷ ነው። ነገ የማታስታውሰው ጉዞ ምን ይጠቅማታል?

አብዛኛው አዋቂ ወደኋላ ተመልሶ ሊያስታውሰው የሚችለው የመጀመሪያው ነገር ከ3 ወይም ከ4 ዓመት ዕድሜው የሚጀምር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የ2 ዓመት ልጅ ስትጎለምስ ጉዞውን መተረክ እንደማትችል እርግጥ ነው። ሆኖም ውኃ ውስጥ እግሯን ነክራ የሳቀችው ሳቅ በዚያው ሰዓት ለእርሷ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ደስታ የሚቆጠረው ሲታወስ ብቻ ከሆነ የሕፃንነት ዓመታት በሙሉ ከንቱ ሆነው ይቀራሉ። ወላጆቿና ታላላቆቿም ያስታውሱታል፤ ደጋግመው ሲተርኩላት ታሪኩ የእርሷም ይሆናል።

ከድካም አንጻር ከተመዘነ ግን ዕድሜ ልዩነት ያመጣል። ገና መሄድ ያልጀመረና ጡት የሚጠባ ሕፃን ብዙዎች እንደሚፈሩት አስቸጋሪ አይደለም። ከባዱ ጊዜ መራመድ ከጀመረበት እስከ 3 ዓመቱ ያለው ነው፤ እግር አለው፣ አደጋን ግን አያውቅም። ከ4 ዓመት በኋላ ያለው ጊዜ በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ የሚያረካ ነው።

ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ልጆችን እንዴት ማዘጋጀት ይገባል?

ከጉዞ የሚገኘው ደስታ ከፊሉ የሚገኘው ገና ሳይነሱ ነው። ዬሩን ናዋይንና ባልደረቦቹ 1,530 የኔዘርላንድስ አዋቂዎችን አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ለዕረፍት የሚወጡት ሰዎች ከማይወጡት ይልቅ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከጉዞው በፊት ባለው ጊዜ ነው፤ ከተመለሱ በኋላ ከሌሎቹ የተለዩት ዕረፍታቸው በጣም ዘና ያለ እንደነበር የተናገሩት ብቻ ነበሩ። ጥናቱ የተደረገው በአዋቂዎች ላይ ቢሆንም መጠበቅ ራሱ ደስታ መሆኑን ልጆች ያሉት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ካርታ ላይ መንገዱን በጣት ማስከተል፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ የቀሩትን ቀናት ማጥፋት፣ የራሳቸውን ትንሽ ቦርሳ ራሳቸው እንዲያዘጋጁ መፍቀድ ምንም ወጪ የለውም።

ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ከወራት በፊት መንገር ሥቃይ ነው፤ "ከ6 ሳምንት በኋላ" ማለት ለእርሱ ምንም ማለት ስላልሆነ በየማለዳው "ዛሬ ነው?" ብሎ እየጠየቀ በየማለዳው ያዝናል። ጥቂት ቀን ሲቀር መንገር ይበቃዋል። የማያስደስተውን ክፍል፣ ማለትም ረጅም ሰዓት መቀመጥን፣ ሰልፍንና እንግዳ መኝታን፣ ከደስታው ጋር አብሮ መንገር ደግሞ ለሁሉም ዕድሜ ይጠቅማል።

ስንት ቀን መቆየት ይሻላል?

ጄሲካ ደ ብሎምና ባልደረቦቿ ረዘም ያለ ዕረፍት የወጡ ሠራተኞችን ተከታትለው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሰዎቹ ደህንነት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ8ኛው ቀን ገደማ ሲሆን፣ ወደ ሥራ በተመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ደረጃ ወርዷል። ከዚህ የምረዳው ረጅም ጉዞ ማድረግ ግዴታ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን 2 ወይም 3 ቀን ብቻ ከሆነ ልጆቹ ቦታውን በለመዱበት ማግስት ሻንጣ መዝጋት እንደሚመጣ ነው። አቅም ካልፈቀደ፣ በአጭሩ ጉዞ ማደሪያ አለመቀያየር ትልቅ እፎይታ ይሰጣል፤ ትንንሽ ልጆችን ከማንኛውም ነገር በላይ የሚያደክማቸው በየምሽቱ አዲስ አልጋ ነው።

በአንድ ቀን ውስጥ ምን ያህል ነገር ማቀድ ይቻላል?

አንድ ዋና ነገር ይበቃል፤ እርሱም ልጆቹ ንቁ በሚሆኑበት በማለዳው ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ሁለተኛው ልጃችን 5 ዓመት ሲሆነው በአራት ቀን ውስጥ ሊታይ የሚገባውን ሁሉ ለማሳየት ከቦታ ቦታ እያጣደፍኩ አዞርኩት፤ ስንመለስ ከሁሉም የወደደውን ስጠይቀው "ሊፍቱን" ብሎ መለሰልኝ፤ ባረፍንበት ሕንፃ ቁልፉን እንዲጫን ስለፈቀድንለት ነበር። ያን ቀን ለማን ብዬ እንዳቀድኩት ራሴን ጠየቅሁ። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ31ኛው አንቀጽ ዕረፍትንና ጨዋታን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ በአዋቂ ፍጥነት የሚታዩ ሙዚየሞችና ሐውልቶች ለልጅ ሁለቱንም አይሆኑለትም።

እንቅልፍም የዕቅዱ አካል ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በጉዞ ላይ አንድ ምሽት ቢያመሹ ምንም አይደለም፤ ሦስት ምሽት በተከታታይ ካመሹ ግን በአራተኛው ቀን የሚመጣውን ንዴት ምክርም ቁጣም አይመልሰውም።

ልጄን መኪና ውስጥ ያስመልሰዋል። ምን ይደረግ?

ይህ የሚመጣው የውስጠኛው ጆሮ ሰውነት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ለአንጎል ሲነግር፣ መጽሐፍ ወይም ስልክ ላይ የተተከለ ዓይን ደግሞ ምንም እንዳልተንቀሳቀሰ ሲነግረው ነው። በብዛት የሚጠቃው ከ2 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ሲሆን ከ2 ዓመት በታች ባሉት እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ልጁ በመስኮት አሻግሮ ሩቅ እንዲያይ ማድረግ፣ መስኮት ከፍቶ ነፋስ ማስገባት፣ ንባብንና ስክሪንን መከልከል፣ ከመነሳት በፊት ጥቂት ቀለል ያለ ምግብ መስጠት ይረዳል፤ ባዶ ሆድም ሆነ ከልክ በላይ የሞላ ሆድ ያባብሰዋል። በየሁለት ሰዓቱ ቆሞ መውረድም ለሁሉም ይጠቅማል። መድኃኒቶችም አሉ፤ አብዛኞቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ አንዳንድ ልጆችን ግን በተቃራኒው ያቅበጠብጣሉ፤ መጠናቸውም እንደ ዕድሜና ክብደት ስለሚለያይ ያለ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ምክር መስጠት አይገባም። ላስቲክ፣ ፎጣና ቅያሪ ልብስ ከሻንጣው ሥር ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጡ።

በአውሮፕላን ውስጥ ሕፃናት ለምን አጥብቀው ያለቅሳሉ?

አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ የአየሩ ግፊት በፍጥነት ይጨምራል፤ መካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ካልተከፈተ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋና ያማል። መዋጥ ቱቦውን ስለሚከፍተው በመውረጃው ሰዓት ጡት ወይም ጡጦ መስጠት፣ ከፍ ላለው ልጅ ደግሞ የሚጠጣ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ማቅረብ ነው። በዚያ ሰዓት የተኛን ሕፃን መቀስቀስ ያሳዝናል፤ ሕመም ቀስቅሶት ከሚጮህ ግን ይሻላል።

ለአጭር መንገድ ልጅን መኪና ውስጥ ጭን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል?

አይቻልም። መኪና ሲጋጭ የልጁ ክብደት በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ የትኛውም ክንድ ሊይዘው አይችልም። ለዕድሜውና ለቁመቱ የሚሆን የልጆች መቀመጫ በኪራይ መኪናም ቢሆን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ወደኋላ የሚዞር የሕፃን መቀመጫ ደግሞ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ከዚህ ጋር ሳይነሳ የማይታለፈው የቆመ መኪና ጉዳይ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሊጨምር ይችላል፣ የልጅ ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ ይሞቃል፤ መስኮትን ገርበብ ማድረግም ይህን አያስቀረውም። "ለአንድ ደቂቃ ነው" ተብሎ ልጅ መኪና ውስጥ አይተውም።

ውኃ ዳር ስንሆን ምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ለዘብ ማለት አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ነው። የሚሰጥም ልጅ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይጮህም፣ እጁን አያውለበልብም፤ አፉ ከውኃው በላይና በታች ሲመላለስ ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ፋታ የለውም፤ በጸጥታ፣ በጣት በሚቆጠሩ ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ብዙ አዋቂዎች ባሉበት ቦታ አደጋ የሚደርሰው ሁሉም "ሌላው እያየ ነው" ብሎ ስለሚያስብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በስም ተጠርቶ ይመደብ፤ በተመደበበት ሃያ ደቂቃ ስልክ አይነካ፣ አያንብብ፣ ወሬ አይያዝ፤ ከዚያ ለሚቀጥለው "አንተ ነህ" ብሎ ያስረክብ። መዋኘት የማይችል ልጅ ከአዋቂ ክንድ ርቀት አይውጣ። በአየር የሚነፉ መጫወቻዎች የሕይወት አድን ጃኬትን አይተኩም።

ፀሐዩንም ማስታወስ ይገባል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ከቀጥተኛ ፀሐይ መራቅ አለበት፤ ለሌሎቹ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ፣ ባርኔጣና በየሁለት ሰዓቱ የሚደገም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያስፈልጋል።

በጉዞ ላይ ልጅ ቢታመም ምን እናድርግ?

በብዛት የሚያጋጥመው ተቅማጥና ትኩሳት ነው። ለተቅማጥ ቀዳሚው ነገር ፈሳሽ መተካት ስለሆነ የኦ.አር.ኤስ. ፓኬቶችን ይዞ መሄድ፣ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይገባል፤ ልጁ ቢያስመልሰውም ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይሰጠዋል። ያለ እንባ ማልቀስ፣ የአፍ መድረቅ፣ የዓይን መጎድጎድ፣ ለረጅም ሰዓት ሽንት አለመሽናትና መፍዘዝ ከታየ ወይም ደም ከተቀላቀለ ጊዜ ሳይወሰድ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ከ3 ወር በታች ባለ ሕፃን ላይ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከተለካ እስከ ነገ አይጠበቅም። ልጁ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይያዝ፤ ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋልም።

ወንድምና እህት በጉዞ ላይ ያለማቋረጥ ሲጣሉስ?

በቤት ውስጥ አንዱ ሌላውን የሚሸሽበት ክፍል፣ ግቢ ወይም ጓደኛ ነበረው፤ በጉዞ ላይ ግን አንድ ክፍልና አንድ የኋላ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ጠቡ የመጣው ክፉ ሆነው ሳይሆን መሸሻ ስላጡ ነው። በእኛ ቤት ሁለት ነገሮች ረድተዋል። የመጀመሪያው የሚያጣላውን ነገር፣ በተለይ የመስኮት ወንበርን፣ ከመነሳት በፊት በቀን መከፋፈል ነው፤ "ዛሬ የእርሷ፣ ነገ የአንተ" ተብሎ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ወላጅ በየሰዓቱ ዳኛ እንዳይሆን ያድነዋል። ሁለተኛውና የበለጠው በየሁለት ቀኑ ልጆቹን ለያይቶ እያንዳንዱን ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ማውጣት ነው። ታላቋ ልጃችን ዓመቱን ሙሉ ያልነገረችንን የትምህርት ቤት ችግሯን ለእናቷ ያወራችው እንዲህ ባለ የእግር መንገድ ላይ ነበር፤ ታናናሾቿ በመካከል ቢኖሩ ኖሮ ባልነገረቻት ነበር።

ስልክና ታብሌት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

በረጅም ጉዞ ላይ ቢፈቀድ ነውር የለውም። መከልከል ያለበት በምግብና በመኝታ ሰዓት ነው፤ ይህም ደንብ ወላጆችን ጭምር ካልያዘ አይጸናም።

የ15 ዓመቱ ልጃችን ከእኛ ጋር መሄድ አልፈልግም ይላል።

አለመፈለጉ ቤተሰቡን ከመጥላት የመጣ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ጓደኞቹ ዓለሙ ናቸው፣ እርሱ ሳይጠየቅ የተወሰነ ዕቅድ ደግሞ እንደ ሕፃን የመቆጠር ስሜት ያሳድርበታል። አንድ ሙሉ ቀን እርሱ እንዲያቅደው፣ መንገዱንም ሒሳቡንም እንዲይዝ ቢሰጠው ብዙ ነገር ይለወጣል። በጉርምስና ጊዜ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰዓት በተፈጥሮ ስለሚዘገይ ማለዳ መቀስቀሱን ትቶ እንዲተኛ መፍቀድም አክብሮት ነው።

ልጅ በሕዝብ መካከል ቢጠፋ ምን እናደርጋለን?

ዝግጅቱ የሚሠራው ከመጥፋቱ በፊት ነው። በየማለዳው ከማደሪያ ስትወጡ በዚያ ቀን ልብሳቸው ፎቶ አንሷቸው፤ ተጨንቆ የልብስ ቀለም ማስታወስ ከባድ ነው። ስልክ ቁጥር በክንዳቸው ላይ ይጻፍ ወይም በኪሳቸው ይቀመጥ። ለልጁ የሚነገረው አጭር ይሁን፦ እኛን ካጣኸን ከቦታህ አትነቃነቅ፣ ስማችንን ጮኽ ብለህ ተጣራ፣ ልጅ ከያዘች እናት ወይም የደንብ ልብስ ከለበሰ ሠራተኛ እርዳታ ጠይቅ። ከተገኘ በኋላ የሚቀድመው ማቀፍ ነው፤ ተግሣጹ ይቆያል።

በጉዞው ሁሉም ሰው ያርፋል፤ እኔ ግን ከቤት የባሰ ደክሜ እመለሳለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

ይህን ጥያቄ የሚያነሱት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ እኔ እንደ አባት በዚህ ላይ ያጠፋሁት ብዙ ነው። ሻንጣዎቹን መኪና ላይ ስጭን ድርሻዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ የማን ጫማ እንደጠበበው፣ የትኛው ልጅ ያለ የትኛው ብርድ ልብስ እንደማይተኛ አስባ፣ ዘርዝራና አዘጋጅታ የጨረሰችው ባለቤቴ ነበረች፤ ያ ሐሳብ የማይታይ ስለሆነ ሥራ ተብሎ አልተቆጠረም። አንድ ዓመት ከጉዞ በተመለስን በማግስቱ ታመመችና ተኛች፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

መፍትሔው "ልርዳሽ?" ማለት አይደለም፤ የሚረዳ ሰው ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ማዘዝም ሥራ ነው። አንዱ ወላጅ አንድን ጉዳይ ከሐሳቡ ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ይረከብ፤ ለምሳሌ የልጆቹን ልብስ የተረከበ ሰው ይዘረዝራል፣ ያጥባል፣ ያሽጋል፣ የረሳውንም ራሱ ይፈልጋል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ወላጅ በጉዞው ውስጥ ልጆቹን ለሌላው ትቶ የሚወጣበት ግማሽ ቀን ይኑረው፤ የት እንደዋለም አይጠየቅ። አያቶች አብረው ካሉ ልጅ እንዲጠብቁ የሚጠበቅባቸው ሰዓት አስቀድሞ ተነግሯቸው ፈቃዳቸው ይጠየቅ፤ እነርሱም ለዕረፍት ነው የወጡት።

ወደ ሌላ አገር ስንሄድ ለልጆች ምን ሰነድ ያስፈልጋል?

ልጅ የራሱን ፓስፖርት መያዝ አለበት፤ ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ለ6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ልጁ ከአንድ ወላጅ ወይም ከዘመድ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ ያልሄደው ወላጅ የሰጠው የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤና የልደት የምስክር ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የመድረሻውን አገር ኤምባሲ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ዝናብ፣ ሕመምና ጠብ ተደራርበው ጉዞው ተበላሸ። የቀረውን ቀን ማዳን ይቻላል?

ይቻላል፤ ለዚህም ምክንያት አለ። ዳንኤል ካህነማንና ባርባራ ፍሬድሪክሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ እንዳሳዩት ሰው ያለፈበትን ነገር ሲያስታውስ የደቂቃዎቹን ድምር አይቆጥርም፤ ከሁሉም የበረታችዋን ቅጽበትና ፍጻሜውን ይዞ ይመዝናል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን የሻንጣ፣ የጩኸትና የሩጫ ቀን እንዳይሆን ማሸጉን ከዋዜማው በፊት ጀምሮ፣ ልጆቹ በጣም የወደዱትን አንድ ነገር ለዚያ ቀን ማቆየት ያዋጣል፤ አዲስ ነገር መሆን የለበትም፣ የሚያውቁትን መድገም ይወዳሉ።

መመለሻውም ከጉዞው ይቆጠራል። ከሥራና ከትምህርት ቤት አንድ ሙሉ ቀን አስቀድሞ ቤት መግባት ድካሙን ያሳርፋል። እኛ ከመውጣታችን በፊት ሁሉንም አልጋ በታጠበ አንሶላ አንጥፈን እንሄዳለን፤ በመመለሻው ምሽት ልጆቹ መኪና ውስጥ እንደተኙ ተሸክመን ስናስገባቸው ጫማቸውን ከማውለቅ በቀር የሚቀረን ሥራ አይኖርም።